ጀርባ አጣቢው ተፋላሚ

ማሱሚ ሃታኖ ሠላሳ ዓመት ሞልቷትም አባቷ ሥራዋ ምን እንደሆነ በደንብ አያውቅም ነበር። ደብቃው አይደለም፤ ስንት ጊዜ አስረድታዋለች። ዩኪቺ ሃታኖ ግን አንድ ነገር ግማሹ ከገባው በግማሹ ረክቶ የሚሄድ ሽማግሌ ነው። አትክልት ሊገዛ ሲወጣ ለባለሱቋ፣ "ልጄ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው የምትሠራው" ይላታል። ሴትየዋም ማሱሚን ባየቻት ቁጥር፣ "ዜና ላይ መቼ ነው የምትወጪልን?" እያለች ታደርቃታለች። ማሱሚ ሽንኩርቷን ይዛ እየሳቀች ትሄዳለች እንጂ አታርማትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ማሱሚ ኦሳካ ውስጥ ባለ አንድ የጌም ኩባንያ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ በስክሪን የሚፋለሙ ሰዎችን ነጥብ በነጥብ ትሥላለች። አንድ ቡጢ ተሰንዝሮ እስኪመለስ አሥር ሥዕል ይፈጃል። ሰውየው የለበሰው ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ከሆነ ደግሞ እጅጌው ከእጁ ዘግይቶ መውረድ አለበት፤ እሱም ሌላ ሥራ ነው። ሌላውን ሰው በሳምንት የሚያሳብደው ነገር እሷን ያስደስታታል። ምሳዋን ከቤት ቋጥራ ትሄዳለች፣ ስትሥል ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፣ ማታ ከአባቷ ጋር እራት ትበላለች። ባል አላገባችም፤ ሰፈሩ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያወራል፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። በኑሮዋ ደስተኛ ነበረች፤ ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ዩኪቺ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ጀርባ አጣቢ ነበር። መታጠብ ብቻ የፈለገ ታጥቦ ይሄዳል፤ ጀርባውን ማሳጠብ የፈለገ ግን በሩ ላይ ሲናገር፣ በር ላይ የምትቀመጠው ሴት ሁለት እንጨት ታጋጫለች። ለወንድ አንድ ጊዜ፣ ለሴት ሁለት ጊዜ። ያን ጊዜ ዩኪቺ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ከማሞቂያው ክፍል ብቅ ይላል። ጀርባ በሳሙና ይፈትጋል፣ ሙቅ ውሃ ያወርዳል፣ ትከሻ ያሻል። መጨረሻ ላይ መዳፎቹን ጎድጎድ አድርጎ ከአንገት እስከ ወገብ ጀርባውን እየመታ ይወርዳል። ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ሴቶቹ ክፍል ድረስ ይሰማል። የወደብ ጫኝ ከባዱን ቀን ውሎ መጥቶ፣ እሱ እጅ ገብቶ ሲነሳ አሥር ዓመት ቀሎት ነበር የሚነሳው። ማሱሚ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ እናቷ ፋብሪካ ስትውል እሷ የምትውለው እዚያ ነበር፤ ጥግ ላይ በተገለበጠ ባልዲ ተቀምጣ፣ እግሯን እያወዛወዘች የአባቷን እጅ ታያለች።

ኋላ ሰው ሁሉ በየቤቱ መታጠቢያ አስገባ። ጀርባውን የሚያሳጥብ ጠፋ። ዩኪቺ ሙያውን እንዲወርስለት አንድ ጎረምሳ ይዞ ነበር፤ ልጁ ሁለት ወር ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ የመኪና ፋብሪካ ይሻለኛል" ብሎ እግሩን አነሳ። ዩኪቺ ማሞቂያው ላይ እንጨት እየማገደ ጥቂት ዓመት ገፋ፤ በመጨረሻ መታጠቢያው ራሱ ተዘግቶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ሚስቱም አርፋ አስከሬኗ እንደ አገሩ ወግ ከተቃጠለ በኋላ በአንድ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ሳኬ ከሚሉት የሩዝ መጠጥ ሁለተኛዋን ብርጭቆ እንደጨረሰ፣ እጆቹን ገልብጦ አየና፣ "ይሄ እጅ አንድ ሰው እንኳ ሳይቀበለው ከእኔ ጋር ሊቃጠል ነው" አለ። ሌላ አልጨመረም። ማሱሚ ግን ያቺ ንግግር ሆዷ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ኩባንያው "ዘጠኙ በር" የሚባል የፍልሚያ ጌም ነበረው። በዚያን ጊዜ፣ በፈረንጅ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ማለት ነው፣ ዘጠኙን በር የማያውቅ ጎረምሳ ከየት ይገኛል? ጌም ቤቱ ሁሉ ሰልፍ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ይሠራ ተባለ፤ አራት አዲስ ተፋላሚዎችም ይግቡ ተባለ። ሠዓሊዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አንዱ ገመድ የሚወረውር ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ሌላው ጭንብል ያጠለቀ መነኩሴ አለ። ማሱሚ ተራዋ ሲደርስ፣ "ጀርባ አጣቢ ሽማግሌ" አለች።

ከጎኗ የሚቀመጠው ኦጊኖ፣ አፉ የማያርፍለት ሠዓሊ ነው፣ "ምን አድርጎ ነው የሚያሸንፈው? አሽቶ?" አላት።

"አዎ። አሽቶ።"

ሳቁ ፎቁን አናወጠው። የክፍሉ አለቃ አቶ ኢናጋኪ ብቻ አልሳቀም፤ የሚስቁትን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና፣ "እናንተ እንዲህ ከሳቃችሁ ተጫዋቹም ይስቃል። ሥሪው" አላት።

እዚያ ቤት አንድ የአሠራር ልማድ ነበር። ሠዓሊው ከመሣሉ በፊት እንቅስቃሴውን በገዛ አካሉ ይሠራዋል፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል አንዱ ይወረወራል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ሦስተኛው በካሜራ ይቀርጻል። ማሱሚም ኦጊኖን በተገለበጠ የቆሻሻ ቅርጫት ላይ አስቀምጣ ጀርባውን ትፈትግ ጀመር። ፎጣው ወዴት እንደሚዞር፣ የግራ እግር ስንት ስንዝር እንደሚቀድም፣ ክብደቱ ከትከሻ ሳይሆን ከወገብ እንዴት እንደሚመጣ ከሕፃንነቷ እያስታወሰች አንዱን እንቅስቃሴ አርባ ሃምሳ ጊዜ ትደጋግመዋለች። አይ፣ አባዬ እንዲህ አይደለም የሚያደርገው ትልና እንደገና ከአንገቱ ትጀምራለች።

"በወሩ መጨረሻ ጀርባዬ ላይ ቆዳ አይቀርም" ይላል ኦጊኖ።

"ሰው ከፍሎ ነው የሚታሸው። ዝም በል።"

"ወንበሩ ይቀየርልኝ እንግዲያው! ደንበኛ ቅርጫት ላይ ይቀመጣል እንዴ?"

በስምንት ወር ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ሥዕል ሣለች። ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፦ አባቷን የጌም ማሽኑ ፊት አስቀምጣ፣ የገዛ እጁ ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ እንዲያይ። "ይኸው፣ አልተቃጠለም" ልትለው። ሥራ ወጥታ ስትገባ፣ ባቡር ውስጥ ቆማ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰበች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

በሰኔ ጌሙ ሳያልቅ ለሦስት ቀን ሊሞከር ሆነ። ቴንኖጂ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት አንዱ ማሽን ውስጥ ይገባል፤ ሳይነገር፣ ሳይለጠፍ። ተጫዋቹ አፍንጫው እንደሚያሸተው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርስበታል። የኩባንያው ሰዎች እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከኋላ ቆመው ዝም ብለው ያያሉ። ለቤተሰብ እንኳ መንገር ክልክል ነው። በሕይወቷ ቀይ መብራት ጥሳ የማታውቀው ማሱሚ በመጀመሪያው ቀን ቁርስ ላይ ሕጉን ጣሰች።

"አባዬ፣ ዛሬ ከሰዓት ሥራ አለህ?"

"እኔ? የጎረቤቱን ድመት ከማባረር ሌላ ምን ሥራ አለኝ?"

"ቴንኖጂ ናልኝ። የሠራሁትን ላሳይህ። ለማንም እንዳትናገር ግን።"

ዩኪቺ የሾርባውን ሳህን አስቀመጠ። "አልቋል?"

"ስድሳ በመቶ ያህል።"

"ስድሳ በመቶ!" አለ፣ የተሰደበ ይመስል። "እኔ ስድሳ በመቶ የሞቀ ውሃ ውስጥ ሰው አስገብቼ አውቃለሁ?"

"ይሄ እኮ ውሃ አይደለም አባዬ።"

"ሥራ ሥራ ነው። የጎደለ ሥራ ማየት ሠሪውን ማዋረድ ነው። ሲያልቅ ጥሪኝ፤ ፀጉሬን ተቆርጬ፣ ኮቴን ለብሼ እመጣለሁ።"

"የሣልኩት አንተን ነው" ብትለው በቂ ነበር። በነጠላ ጫማው ይሮጥ ነበር። ችግሩ እሷም የእሱ ልጅ መሆኗ ነው። የመዳፉ ድምፅ ገና አልገባም፤ የፎጣው ቀለም አላለቀም፤ ሽማግሌው ሲወድቅ አንድ ጆሮው ይጠፋል። ጆሮ የሌለው አባት ለአባቷ ልታሳይ? አባዬ እውነቱን ነው፣ በመከር ሲያልቅ ይየው ብላ ተነሳች። እንዲህ ያለ ግትርነት የእነሱን ቤት ሰው ካልሆነ ማንንም አይዘውም።

ጌም ቤቱ ከቀትር በፊት ሞላ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሽማግሌውን ሲያዩ ተንከተከቱ። "ይሄ ምንድነው? አያቴ ናቸው እንዴ?" ተባለ። ከዚያ አንድ መነጽር ያደረገ ተማሪ ሽማግሌውን መርጦ ተከታትለው የመጡ ሰባት ተፋላሚዎችን ዘረረ። ያዝ ያደርጋቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ በፎጣ ይፈትጋቸዋል፣ መጨረሻ ላይ በሁለት መዳፍ ይጥላቸዋል፤ የተጣለው ደግሞ ጀርባው በእንፋሎት እየጨሰ፣ ፈገግ ብሎ ነው የሚወድቀው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌውን ሊሞክር የተሰለፈው በደረጃው ወርዶ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። ማሱሚ አንዱን ጥግ ይዛ፣ ሥራው የማይመለከታት ደንበኛ መስላ ቆማ ታይ ነበር።

በየጌም ቤቱ እንዳለው ሁሉ እዚያም ጠረጴዛ ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ነበር፤ ተጫዋች የተሰማውን የሚጽፍበት። በሦስተኛው ቀን ስትገልጠው፣ "ሽማግሌው ቀርፋፋ ነው፤ ከያዘህ ግን አለቀልህ" የሚል አገኘች። "ተሸንፌም ትከሻዬ ቀለለኝ" የሚልም ነበር። አንዱ ደግሞ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ "ይሄን የሣለው ሰው በእውነት የሚያሽ እጅ አይቷል" ብሎ ነበር። ማሱሚ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ኦጊኖ አያትና ለአንድ ጊዜ ምንም አልቀለደም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ኢናጋኪ ሁሉንም ሰበሰባቸው። "ዘጠኙ በር ሁለት ቆሟል" አለ። "ከላይ ያሉት ጠፍጣፋ ሥዕል ጊዜው አልፏል ብለዋል። ሰው አሁን የሚፈልገው ከሁሉም አቅጣጫ ዞሮ የሚታይ አካል ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።" ከዚያ ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቶ ነበር። ማንም አልጮኸም። ኦጊኖ እርሳሱን በሁለት ሰበረው፤ ያ ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ ስለ ሥራው ሲያስብ ማሱሚ ያሰበችው አባቷን ነው። አቶ ኢናጋኪን አንዲት ሰዓት ልትለምነው ፈለገች፤ ከሙከራው የተመለሰው ማሽን ከመወሰዱ በፊት አባቷን አምጥታ ልታሳየው። ግን ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳለ የራስን ጉዳይ ይዞ መሄድ ነውር ሆኖ ታያት። ሐሙስ አለፈ። ዓርብም አለቃው ስብሰባ ለስብሰባ ሲሮጥ ዋለ፤ አፈረች። ሰኞ ጠዋት ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

አቶ ኢናጋኪ እስከ መጨረሻው ሰማትና ዓይኑን ጨፈነ። "ዓርብ ማታ ወሰዱት። ማሽኑንም፣ ሥዕሉንም፣ ሁሉንም አሽገው ነው የወሰዱት። ከዚህ በኋላ በእኔ እጅ አይደለም።"

"ገባኝ። ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት።"

"ማሱሚ፣" አላት ስትዞር፣ "ዓርብ ብትነግሪኝ በሩን ዘግቼ ራሴ አጫውታቸው ነበር።"

ይሄ ከመሰረዙም በላይ አንገበገባት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በሩ ተከፍቶላት፣ ሁለት ጊዜም በጨዋነቷ ዘጋችው። ያን ቀን ለአባቷ ኡዶን የሚሉትን ወፍራም ፓስታ በሾርባ ቀቅላ አቀረበች፤ የራሷን ሳትነካ ተቀመጠች።

"ያ ነገር፣" አለች፣ "ልታየው የነበረው። ቀርቷል። አይወጣም።"

"እንዴት? አላለቀም ነበር እንዴ?"

"እንዳላለቀ ቀረ።"

ዩኪቺ ራሱን ነቀነቀ። "ምን ነበር ግን?"

"አንተ ነበርክ።"

በሾርባው እንፋሎት ውስጥ ቀና ብሎ አያት። እሷም ነገረችው፤ ቁምጣውን፣ ባልዲውን፣ ፎጣውን፣ ሦስት መቶ አርባውን ሥዕል። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ዩኪቺ።

"ሲያልቅ ልነግርህ ነበር።"

"አዬ ጉድ! ከማን ይሄን ተማርሽ አልልም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መምጣት ነበረብኝ" አለ። ማሱሚ አባቷ ተሳስቻለሁ ሲል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለማሱሚ ወዲያው ሌላ ሥራ ተሰጣት። ለሕፃናት ጌም ዓሣ ትሥል ጀመር። ዓሣም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጅራቱ ቀድሞ ክንፉ ይከተላል፤ እሷም በሳምንቷ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ስትሠራ ተገኘች። አባቷ ግን አልተወውም። ጥርሱን እየቦረሸ ይመጣል።

"ልጆቹ ሳቁብኝ?"

"መጀመሪያ ሳቁ።"

"ኋላስ?"

"ኋላማ ተሰለፉልህ። ደረጃው ሞልቶ መንገድ ደረሰ።"

ሌላ ቀን ደግሞ በር ላይ ጫማዋን ስታደርግ፣ "ያ ደብተሩ ላይ የጻፈው ምን ነበር ያለው?" ይላታል። ትነግረዋለች። በማግስቱ እንዳልሰማ ሆኖ እንደገና ይጠይቃታል። አንዱን ግን ልትመልስለት አልቻለችም። "እጄን እንዴት አድርገሽ ሣልሽው?" ሲላት በአፏ ልታስረዳው ትሞክራለች፤ አንጓው እንዲህ፣ ክርኑ እንዲያ። እሱ እጆቹን ያያል፣ ይሞክራል፣ ግራ ይገባዋል። "አላውቅም እኮ። ሳላየው ነው የኖርኩት፤ ደንበኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እኔም ጀርባውን እያየሁ" አላት። ማየት አለመቻሉ እየከነከነው ነው። እሷም ይሄን እያየች ዝም ማለት አቃታት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዩኪቺ ሊታጠብ ገብቶ፣ ወገቡ ላይ ፎጣ ጠቅልሎ በትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ማሱሚ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።

"ምን ፈለግሽ?"

"ዙር። ጀርባህን ስጠኝ።"

"አሁን ደግሞ አብደሻል? ገና ሽባ አልሆንኩም።"

"ደንበኛ ነህ። ደንበኛ አያወራም።"

ልጅ የአባቷን ጀርባ ማጠቧ ብርቅ ነገር አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ነው። ማሱሚ ግን ፎጣውን አጣጥፋ መዳፏ ላይ ጠቀለለች፣ ግራ እግሯን ሁለት ስንዝር አስቀደመች፣ ከወገቧ ገፋች። ስምንት ወር በኦጊኖ ጀርባ ላይ ስለደጋገመችው ሐሳቧ ሳይደርስ እጇ ይቀድማታል። ዩኪቺ መጀመሪያ፣ "ሳሙናው በዛ፣ እንደ ጎመን ነው እንዴ የምታጥቢኝ" እያለ አሾፈ። ፎጣው ከትከሻው ዞሮ በአከርካሪው ሲወርድ ቀልዱን ተወ። ውሃ አወረደችለት። ትከሻውን ስትይዘው አንገቱን ደፋ። መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ ከአንገቱ ጀምራ እየመታች ስትወርድ፣ ድምፁ ጠባቧን ክፍል ሞላት።

"ቁሚ" አለ ዩኪቺ።

ማሱሚ ደነገጠች። "አመመህ?"

"የግራ አንጓሽ ደረቀ። ለቀቅ አድርጊው። ከአንገት ጀምሪ።"

ከአንገት ጀመረች። ግማሽ ሳትደርስ፣ "አትቸኩዪ፤ ሰውየው ትንፋሹን ሲያወጣ ነው የሚመታው፣ ሲያስገባ አይደለም" አላት። ለዚያ ለሸሸው ጎረምሳ እንኳ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ ነግሮት አያውቅም። ማሱሚ የአባቷን ትንፋሽ ጠበቀች። ወጣ ሲል መታች፣ ወጣ ሲል መታች፤ እንዲህ እያለች እስከ ወገቡ ወረደች።

በሦስተኛው ዙር ምንም አላረማትም። ጨርሳ ቆመች፤ እሱ እንዳጎነበሰ ቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይታ ብርድ መስሏት ባልዲውን ልታነሳ ስትል፣ እያለቀሰ መሆኑን አወቀች።

"እኔ ስሄድ አብሮኝ የሚሄድ ነበር የመሰለኝ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "የሚያውቀው ሰው የለም ብዬ።"

ማሱሚም ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፣ እጇ ሳሙና ነበር። በሕይወቷ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሏት አያውቅም።

"አለሁ እኮ፣ አባዬ" አለችው፤ ባልዲውንም ሙቅ ውሃ ሞላች።